የፀሐይን ጨረር ይለዩ የነበሩት የናኦሚ ሊባን ሕይወትና መልስ ያጣው ጥያቄ

ናኦሚ ሊባን ከአባታቸው ከአቶ ሊባን ገመዳና ከእናታቸው ከወ/ሮ አዝመራ ገሰሰ ኅዳር 4 ቀን 1987 ዓ.ም. ላምበረት አካባቢ ተወለዱ። ገና በአራስነታቸው ሳል ስለያዛቸው፣ ያደጉት አኮ በሚሏቸው አያታቸው በወ/ሮ ገንዘቤ ጀርባ፣ በሁለት ጋቢ ተጠቅልለው ነው ማለት ይቻላል።

ትምህርታቸውን መገናኛ አካባቢ ተከታተሉ። በ2005 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሊወስዱ ሲሉ እናታቸው ዐረፉ። አያታቸው ፈተናው እንዳይበላሽባቸው ብለው መርዶውን አሥራ አንድ ቀን ደበቁ፤ ናኦሚ እናታቸውን ሳይቀብሩ ቀሩ። "አኮ፣ ሁለተኛ ምንም እንዳትደብቂኝ" ብለው ቃል አስገቧቸው።

በፊዚክስ ሁለት ዲግሪ ይዘው ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ፣ ለሦስተኛው የፀሐይን ፍንዳታ አጠኑ። በፍንዳታው የተወረወሩ ቅንጣቶች የፀሐይን ከባቢ አየር ሲመቱት፣ እዚያ ያለው እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የየራሱን ጋማ ጨረር ይረጫል። ናኦሚ ከሳተላይት የመጣውን እየለዩ ይሄ ካርቦን፣ ይሄ ብረት፣ ይሄ ኒዮን ይሉ ነበር። አያታቸው የካ አባዶ ቤታቸው በረንዳ ላይ "ፀሐይን ተያትና ባል ፈልጊ" ሲሏቸው፣ "የፀሐይስ ከምን እንደተሠራች ይታወቃል፤ የባል በምን ይታወቃል አኮ?" ብለው ይስቁ ነበር። ኒዮኑን ከተገመተው በላይ አግኝተውት ለውጭ አገር መጽሔት ጽፈው ላኩ።

በጥር 2017 ዓ.ም. የጉበት ካንሰር ተገኘባቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ አያታቸው በያዙላቸው ስልክ ላይ ከመጽሔቱ መልእክት ገባ። አያታቸው ከመጽሔቱ ስም በቀር እንግሊዝኛው ባይገባቸውም፣ ርዝመቱን አይተው እምቢታ ነው ብለው ፈሩ። የልጃቸው ልብ እንዳይሰበር ስልኩን አጥፍተው ቦርሳቸው ውስጥ ሸሸጉ፤ ሲጠየቁም "ተበላሽቶ ለጥገና ሄዷል" አሉ።

በሃያ ስድስተኛው ቀን ወንድማቸው አዶኒያስ ስልኩን አግኝቶ መልእክቱን አነበበ። እምቢታ አልነበረም። የኒዮኑ ጨረር ከሳተላይቱ ከራሱ አካል አለመምጣቱን በምን አወቁ የሚል ጥያቄ ነበር፤ ሃያ አንድ ቀን ተሰጥቷቸዋል። መልሱ ደብተራቸው ላይ በአምስት መስመር ተጽፎ ነበር። ቀኑ ስላለፈ ግን መጽሔቱ ጽሑፉን ዘግቶታል።

"አኮ፣ መርዶ እኮ አልነበረም" አሉ ናኦሚ። ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው መለሱ። በቀሩት ዘጠኝ ቀናት ነርሶቹን አመሰገኑ፣ አዶኒያስን መከሩ፤ አያታቸውን ግን አላነጋገሩም። መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በሠላሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

አባታቸው፣ ወንድማቸውና ይህን የጻፉት አያታቸው ቀርተዋል። ደብተሩ ለቅሶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የምታውቁ መልሱን ለመጽሔቱ ላኩላቸው።

ፀሐይን የሠራ ጌታ ነፍሳቸውን ይቀበል። እዚያ ስማቸው ሲጠራ፣ በመካከል የምትቆም አያት አትኑርባቸው።