እስከ ሃያ ቁጠሪልኝ

ሐሙስ፣ መጋቢት 9 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለአፈኛዋ፦

«እንዴት ነሽ?» ብዬ አልጀምርም። እንዴት ነሽ ስል የሚመልስልኝ ባልሽ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ «ደህና ናት» ነው። ይሄን ደብዳቤም ነገ ይዞት የሚበረው መንገደኛ ለማን እንደሚሰጠው እንጃ። በአንቺ ስም ነው ያሸግኩት፤ ሌላ ሰው ከከፈተው ቢያንስ እጁ ይንቀጥቀጥ።

እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ሥራዬ ላይ ነኝ። ቲማቲም ሻጩ «ጠዋት የገባ ነው» ሲለኝ አሁንም አንድ በአንድ ገልብጬ አያለሁ። «እትዬ፣ ሆስፒታል ነው ፖሊስ ጣቢያ የሚሠሩት?» ይለኛል። አባትሽም፣ ነፍሱን ይማርና፣ «ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ ይገኛል ስንጥር» እያለ ሲያሾፍብኝ ነው የኖረው።

ግን ልጄ፣ ድምፅሽን ከሰማሁ ወር ሊሞላ ነው። ስደውል አንድ ቀን ተኝተሻል፣ አንድ ቀን ሥራ ገብተሻል፣ አንድ ቀን ገላሽን እየታጠብሽ ነው። ይሄን ያህል የምትታጠቢው ምን ነክቶሽ ነው? የስልክሽ ካሜራም ተበላሽቷል ተባልኩ። ከዚያ «ሰላም ነኝ እናቴ። አታስቢ።» የሚል መልእክት ይመጣልኛል። ከመቼ ወዲህ ነው «እናቴ» ያልሽኝ? «እማዬዋ» ነው የምትይኝ፤ ደግሞ ተወልደሽ አራት ነጥብ አድርገሽ አታውቂም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ባልሽን ጠርጥሬዋለሁ። ስልኳን ቀምቷታል፣ ቤት ዘግቶባታል፣ ብቻ ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም። ዝምታው ድሮም አላማረኝም። ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ጨዋ ነው!» ሲል እኔ «ምን ደብቆ ነው?» እል ነበር።

ሰኞ ዕለት ግን ሥራ ቦታ አንድ ነገር ሆነ። እሱን ልንገርሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ሆዱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ልብስ ሰፊ እኛ ክፍል ተኝቷል። ሲመጣ ያላማረረው ነገር አልነበረም። ትራሱ ድንጋይ ነው፣ አልጋው ይንቋቋል። የኔን ጋዋን አየና «ሲስተር፣ ይሄን ኮሌታ የሰፋው ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ ነው?» አለኝ። ደስ አለኝ። የሚነጫነጭ በሽተኛ ብዙም አያሳስበኝም፤ ለመነጫነጭም ትንፋሽ ያስፈልጋል።

ሰኞ ስገባ ዝም ብሏል። ኮሌታዬን አየ፣ ምንም አላለም።

«እንዴት አደርክ?» አልኩት።

«ደህና ነው፣ ሲስተር፤ ደህና አድሯል» አለች ሚስቱ።

«እሱን ነው የጠየቅኩት።»

«አሁን ገና እንቅልፍ ወሰደው።»

ዓይኑ ተገልጧል! ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስባለታለች፤ እኔ በዞርኩበት እየዞረች ትጋርደዋለች። አስታማሚ ለበሽተኛው ሲመልስ መቼም ለምደነዋል፣ ይቺ ግን በዛች። ከውጭ ያመጣችውን መድኃኒት ደብቃ ትሰጠው ይሆን? ወይስ ማስታመሙ ሰልችቷት ይሆን? የደም ግፊቱን ለካሁ፤ ምንም አይልም። አብራኝ የምትሠራው ልጅ «ደህና ነው እኮ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። እኔ ግን ግፊትን አላምነውም። ሰውነት እስኪያቅተው ድረስ ይደብቃል፤ ግፊት የሚወድቀው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

ሚስትየዋን ውሃ እንድታመጣ ላክኋትና ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ደረቱ ይጣደፋል። እግሩን ብነካው በረዶ ነው።

«በአንድ ትንፋሽ እስከ ሃያ ቁጠርልኝ» አልኩት።

ስድስት ላይ አየር አነሰው። «ደህና…» አለና ትንሽ ቆይቶ «…ነኝ» አለ።

ተረኛዋን ሐኪም ደወልኩላት። «ግፊቱ አያታልልሽ። ትንፋሹ ፈጥኗል፣ እግሩ ቀዝቅዟል፣ ከትናንቱ ሰውዬ ጋር አይገናኝም። አሁኑኑ ነይ» አልኳት። እንዲህ ስል እንደማልቀልድ ታውቃለች፤ እየሮጠች መጣች። ኦክስጅን አደረግንለት፣ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጠነው። ለካ ውስጥ የተሰፋው አንጀት ማፍሰስ ጀምሮ ኖሯል። ወዲያው ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል መለሱት።

ሚስቱን ኮሪደር ላይ አገኘኋትና «ምንድነው የደበቅሽኝ?» ብዬ አፈጠጥኩባት።

«እሱ ነው፣ ሲስተር» አለች። «ደህና ነው በያቸው አለኝ። ልጃችን ፈተና ላይ ናት፤ ባሰበት ከተባለ ጥላ ትመጣለች አለኝ። እኔማ ሌሊቱን ሙሉ ደረቱን ሳይ ነው ያደርኩት። ባሌ ነው፣ ምን ላድርግ?»

አጠገቧ ቁጭ አልኩና አብሬያት አለቀስኩ። ለባሏ ያለቀስኩ መስሏት እኔኑ ታጽናናኝ ጀመር።

እሱ ተርፏል። ዛሬ ጠዋት ኮሌታዬን እንደገና ሰደበልኝ።

ልጄ፣ መጨረሻ ያወራን ቀን አራት ቃል ትይና ታርፊ ነበር። «ደረጃ ወጥቼ ነው» አልሽኝ። ቤታችሁ ደረጃ የለውም። ከኋላሽ አንድ ነገር ጢጥ፣ ጢጥ ይል ነበር፤ «ማይክሮዌቭ ነው» ብለሽ ሳቅሽ። ማይክሮዌቭ ጮሆ ጮሆ ዝም ይላል። ያኛው ስልኩን እስክንዘጋ አላቆመም። ያንን ድምፅ በየበሽተኛው አልጋ ራስጌ እየሰማሁ ነው ያረጀሁት፣ እንዴት አላውቀው! ቲማቲም የማላምን ሴት ይሄን አንድ ነገር ግን መጠርጠር ፈራሁ። ባልሽን ክፉ ማድረግ ቀለለኝ።

አንተም ልጄ፣ ይሄን የምታነብላት አንተ ከሆንክ፣ ይቅር በለኝ። «ደህና ናት በላት» ያለችህ እሷ ናት፤ ግትርነቷን አውቀዋለሁ፣ ከኔ ነው የወረሰችው። ከእንግዲህ ግን እሺ አትበላት። ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ትንፋሿ ከፈጠነ፣ እግሯ ከቀዘቀዘ፣ ወይ እኔን ማማት ከተወች ነርሷን ጥራ። አትፈር። ካልመጣች ጩኽ።

አፈኛዋ፣ እሁድ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ» እንዳትይኝ። ባልሽ ስልኩን አፍሽ ሥር ያድርግልሽና በአንድ ትንፋሽ ቁጠሪልኝ። ሃያ ካልደረስሽ አትደንግጪ፤ እስከቻልሽበት ቁጠሪ። ፈቃድ ጠይቄአለሁ፣ ሻንጣዬም በሩ ሥር ነው። የቀረውን እኔ መጥቼ አብሬሽ እቆጥራለሁ።

አምላክ ትንፋሽሽን ያርዝመው፤ ያንን ነጭናጫ አፍሽን ይመልስልኝ።

እማዬዋ