ሐሙስ፣ ከአርባው በፊት

ለውድ ልጄ ለኪሩቤል፣

እንደምን ከረምክ ልጄ? ጤናህስ እንዴት ነው? የዚያን አገር ሙቀት ለመድከው ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? ሚስትህ ሃይማኖት ደህና ናት? ትንሿ ፀደንያ ቆማ መሄድ ጀመረች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። እዚህ ተበላ ፀሐዩ በርትቷል፤ የስኳር መርፌዬን እንዳይሞቅ የማስቀምጥበት ማሰሮ አሸዋው እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ውሃ አርከፈክፍበታለሁ።

የአጎትህን የሶርሳን መርዶ እንደነገሩህ ሰማሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ። እንደ አባት ያሳደገህ ነው፤ መንገዱ ርቆብህ ለቀብሩ አለመድረስህ ሳያንገበግብህ አይቀርም። ነገር ግን እኔም፣ እዚሁ ያለሁት፣ ቀብሩ ላይ አልነበርኩም። ይህን ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው እኔው ልንገርህ ብዬ ነው የምጽፍልህ።

የሞቱ ወሬ ረቡዕ ማታ ደረሰኝ። በማግስቱ ሐሙስ ደግሞ ሶዶ ሆስፒታል የስኳር ቀጠሮዬ ነበር፤ ስኳር የሚያዩት ሐሙስ ሐሙስ ብቻ ነው። ከኮሮና በኋላ ክትትሉ እንደገና ሲጀመር ወር በወር እስኪያዩኝ ድረስ ምን ያህል እንደተመላለስኩ አንተ ታውቃለህ። ባለፈው ክረምት ለልቅሶ ብዬ አንድ ቀጠሮ አሳለፍኩ፤ መርፌው አልቆብኝ መንገድ ላይ ወድቄ በጋሪ ጭነው ነው ቤቴ ያስገቡኝ። አሁንም መርፌዬ ተሟጦ ነበር። ስለዚህ ሳልበላ ሄጄ ደሜን ሰጠሁ፣ መድኃኒቴን ተቀበልኩ፤ ከዚያ በቀጥታ ለቅሶው ቤት፣ ቢጠና ሄድኩ። ስደርስ ቀባሪው ተመልሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል።

አክስትህ አሳየሽ ገና ስታየኝ፣ «ሐኪም ቀጠሮ ይሰጣል፤ ሞት አይሰጥም» አለች፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከኋላዋ የተቀመጠች አንዲት ሴት ደግሞ ሶርሳ ካርድ ቢያወጣ ኖሮ ትመጣለት ነበር ብላ ጎረቤቶቿን አሳቀች። እኔ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። በኮሮና ጊዜ ሆስፒታል በሽታ ይሸመታል፣ ቤታችን ይሻለናል ብዬ አባትህን ከስኳር ቀጠሮው ያስቀረሁት እኔ ነኝ። አንተ አንድም ቀን አላነሳህብኝም። እኔ ግን ሐሙስ በመጣ ቁጥር አነሳዋለሁ።

ልጄ፣ ዋናው ነገር ይህ አይደለም። ቅዳሜ፣ በሣልስቱ፣ የሶርሳ ሚስት የሆነችው ፈጠነች ወደ ጓዳ ጠራችኝና እግሯ ላይ የጠመጠመችውን ጨርቅ ፈታች። ከአውራ ጣቷ ሥር ቆስሎ ዙሪያው ጠቁሯል፤ ሽታ አለው። ስነካው አያመኝም አለችኝ። ከቁስሉ ይበልጥ አያመኝም ማለቷ አስደነገጠኝ። የአባትህም እንዲሁ ነበር የጀመረው። እሷም ስኳር አለባት፤ በኮሮና ጊዜ ከክትትሉ እንደቀረች ቀርታለች፤ ክኒን ስታገኝ ትውጣለች፣ ስታጣ ትተዋለች። ባሏን ስታስታምም የራሷን እግር ለማንም አላሳየችም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በሐሙሱ ቀን አብሬሽ ብመጣ ያዩኛል?» አለችኝ።

ያኔውኑ ተነሽ እንሂድ አልኳት። አሳየሽ ሳትፈቅድ ከደጅ አልወጣም አለች። ለአሳየሽ ብነግራት፣ ባሏን የቀበረች ሴት አርባው ሳይወጣ፣ የመቃብሩ አፈር እንኳ ሳይደርቅ መኪና ተሳፍራ ስትሄድ አገር ምን ይላል አለችኝ። «አንቺ የለመድሽውን እሷን አታስለምጃት» ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ቁስሉን እይው ብላት አላየሁም አለች። አርባው ደግሞ ሩቅ ነው። ያ እግር እስከዚያ አይቆይም።

አሁን ከአባትህና ከሶርሳ በኋላ የቤቱ ታላቅ ወንድ አንተ ነህ፤ አሳየሽ የአንተን ቃል ትሰማለች። ስልክ የሚይዝልህ ኦሞራቴ ከተማ ስትወጣ ብቻ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ ሹፌሩ ፀጋአብ ነገ ይዞልህ ይነሣል፤ ማክሰኞ ማታ እጅህ ይገባል ብሎኛል። ረቡዕ እንደምንም ብለህ ከተማ ውጣና ደውልላት። በቁጣ አትናገራት፤ ወንድሟን ገና መቅበሯ ነው፣ ክፉም ሰው አይደለችም። የአባትህን እግር አስታውሳት። በመጨረሻው ሰሞን እሷም አብራኝ ታጥበው ነበር።

እኔ ረቡዕ ማታ ቢጠና ገብቼ አድራለሁ። አሳየሽ እሺ ካለች እሰየው። እሺ ባትልም ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ፈጠነችን ደግፌ በፊት ለፊቱ በር አወጣታለሁ። ለቀስተኛው እያየን እናልፋለን። ከዚያ በኋላ አርባው ላይ ሰላም የሚለኝ ባይኖር አይክፋህ።

ሃይማኖትን በጣም ናፍቄሻለሁ በልልኝ። ፀደንያን ጉንጯን ሳምልኝ። እህትህ ናዝራዊት ከሶዶ ሰላም ብላሃለች፤ ሐሙስ ካርድ ለማውጣት እሷ ቀድማ ወረፋ ትይዝልናለች። አሳየሽ ሰላምታ አልላከችም፤ ቢሆንም አንተ ቀድመህ ሰላም በላት። ፈጠነችም ሰላም በይልኝ አላለችኝም። ይደውል በይው ብቻ ነው ያለችኝ።

እናትህ ዓመለወርቅ
ሁምቦ፣ ተበላ
ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም.