ባለቤት የለውም ስለተባለው ፈረስ

ለክቡር አቶ ግሩም
የሐይቅ ዳር ውበትና ሥርዓት ማስከበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሕር ዳር

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት እንደሰነበተ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እግርዎ፣ ወገብዎ፣ ጀርባዎ ደኅና ነውን? የጣና ነፋስ በመስኮትዎ እየገባ እንደሚያቀዘቅዝልዎ፣ ወንበርዎም እንደተመቸዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ስለ እግርና ስለ ጀርባ አጥብቄ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም። በእርስዎ አስተዳደር ሥር እነዚህ ሁለቱ የተጎዱበት ፍጡር ምን እንደሚደርስበት በዓይኔ ስላየሁ፣ ለእርስዎም ሰግቼ ነው።

እኔ እናትዓለም እባላለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ፔዳ ካምፓስ ጀርባ ባለው ግቢዬ ለተማሪዎች ክፍል እያከራየሁ የምኖር፣ ከጨርቅ ፋብሪካ በጡረታ የተገለልሁ መበለት ነኝ። ጽሕፈት ቤትዎ «ባለቤት የሌለውን ፈረስ በመኖሪያ ግቢ ማኖር ክልክል ነው» ሲል አስጠንቅቆኝ፣ ዳማ የተባለውን ፈረስ እስከ ፊታችን ማክሰኞ እንዳስረክብ አዝዞኛል። ስለ ትእዛዙ ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። አላስረክብም። ምክንያቴን ግን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር የሌለውን ነገር እንደማያነብ ሰምቻለሁና።

፩. ዳማ ባለቤት የለውም መባሉ አስደንቆኛል። ይህ ፈረስ እኮ የመሥሪያ ቤትዎ ባልደረባ ነበር። ከተማሪዎች መንደር እስከ ሆቴሎቹ ጓሮ የከተማውን ቆሻሻ በጋሪ ሲጎትት የኖረው በእናንተው ውል ነው፤ ጋሪው ታርጋ ነበረው፣ አዘዘ የሚባለው ባለጋሪም ግብሩን ሳያጓድል ይከፍል ነበር። ጀርባው ገጥቦ ዝንብ ሲወረው የውበት ባለሙያዎችዎ አፍንጫቸውን ይዘው በአጠገቡ ያልፉ ነበር፤ ያን ጊዜ ለማንም ማስጠንቀቂያ አልተጻፈም። በክረምቱ ክዳን በሌለው የውኃ መውረጃ ቦይ ገብቶ እግሩ ተጎዳና አንካሳ ሆነ። ቦዩ እስከ ዛሬ ክዳን የለውም፤ ጉዳዩን የሚያጠናውን ኮሚቴ እግዜር ያበርታልን። ፈረሱ ባለቤት ያጣው ታዲያ የትኛው ቀን ላይ ነው? ሲጎትት የእናንተ፣ ሲያነክስ የማንም አይደለም ማለት ነው?

፪. አዘዘ እንደ አገሩ ባለጋሪ ሁሉ ፈረሱን ለቀቀው። መልቀቅ ምን እንደሆነ ክቡርነትዎን አላስተምርም፤ ይህን የሚያነብ እንግዳ ቢኖር ግን ልንገረው። እኛ ፈረስ አንበላም፤ መግደሉንም ኀጢአት እንለዋለን። ስለዚህ መሥራት ያቃተውን ፈረስ ልጓሙን አውልቀን አስፋልት ላይ እንተወዋለን። በዘንባባዎቹ ሥር የመንገድ አካፋዩን ሣር ሲግጥ፣ ባጃጅ ሲገፋው ይከርምና አንድ ቀን ይጠፋል። እጃችንም ንጹሕ ነው። እኛ ፈረስ አንገድልም፤ ጅብ ነው የሚገድልልን።

በአዘዘ አልፈርድም። ሌላ ፈረስ ገዝቶ ልጆቹን ማብላት ነበረበት። አሁን አልፎ አልፎ አንድ እቅፍ ሣር ይዞ አጥሬ ድረስ ይመጣል፤ ግባ ስለው እምቢ ይላል። አንድ ቀን ግን ሳልጠይቀው ተናገረ። «እኔ አልገደልሁትም እትዬ፤ ለቀቅሁት እንጂ። ብገድለው ግን ይሻለው ነበር።» ከዚያ ወዲህ ሣሩን አስቀምጦ ዓይኔን ሳያይ ይሄዳል። ይህን ያህል ሐፍረት ከጽሕፈት ቤትዎ አልጠበቅሁም፤ አላገኘሁምም።

እናንተ ግን ከአዘዘ ትበልጣላችሁ። ለጉባኤ የሚመጡ እንግዶች አካፋዩ ላይ የተበላ አበባ እንዳያዩ ብላችሁ፣ የተለቀቁትን ፈረሶች በአይሱዙ ጭናችሁ ከአባይ ድልድይ ማዶ ርቆ ካለ ቁጥቋጦ አራገፋችኋቸው። ሥራውንም «ወደ ተፈጥሮ መመለስ» ብላችሁ በድምፅ ማጉያ አበሠራችሁን። ጋሪ እንጂ ዱር አይተው የማያውቁትን እንስሳት ተፈጥሮ አፏን ከፍታ ተቀበለቻቸው፤ የማዶ ገበሬዎች ስትስቅ ሰምተዋታል። ዳማ የተረፈው በአንካሳ እግሩ መኪናው ላይ መውጣት ስላቃተው ብቻ ነው። ሠራተኞችዎ ገፍተው ገፍተው ሲደክማቸው ለነገ ብለው ተዉት፤ እኔም ፉርሽካ በሳፋ ይዤ ከፊቱ እየሄድሁ ግቢዬ አስገባሁት። ወንጀሌ ይኸው ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ስለ ፈረሱ መኖሪያ መጨነቅ የጀመረው መኖሪያ ካገኘ በኋላ ነው።

፫. በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ እንስሳ መብት የለውም ወይ ብዬ ስጠይቅዎ፣ ክቡርነትዎ ፈረስ መታወቂያ አለው ወይ ብለው መለሱልኝ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ የተናደድሁት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው፤ በራሴም ጭምር ነበር የተናደድሁት። ተከራዬ ሊድያ የወለደቻት ሕፃን መታወቂያ የላትም። መክሰስ አትችልም፤ ግብር አትከፍልም፤ ለከተማው ውበትም እስካሁን ያበረከተችው ነገር የለም። ብትመታ ግን ያማታል፤ ስለዚህ አንመታትም። ከዚህ የበለጠ የሕግ ትምህርት የለኝም። ዳማም ገጣባውን በለብታ ውኃ ሳጥብለት ቆዳው ይንቀጠቀጣል። ማመልከቻ ጽፎ ስላላቀረበ አላመመውም ልበል?

ይህንኑ ነገር የንስሐ አባቴን አባ ፍሬ ስብሐትን፣ ከዘጌ በጀልባ በመጡ ጊዜ ጠየቅኋቸው። ሰንበት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለከብቱም ዕረፍት ሆና እንደተሰጠች አስታወሱኝና፣ ዕረፍት የተሰጠውን ፍጡር ማን ይነሣዋል ብለው ፈረሱን ፀበል ረጩት። ለጽሕፈት ቤትዎም እንዲረጩልኝ ለምኛቸው ነበር፤ ይህች ጥቂት ፀበል አትበቃም አሉኝ።

ቁጥሩ እዚህ ላይ ይብቃኝ፤ ንዴት ተራ አይጠብቅም። ሰው እየተራበ ለፈረስ ፉርሽካ ትሰጣለች እያሉ የሚያሙኝ ጎረቤቶች አሉ። እስካሁን ከመካከላቸው ለተራበ ሰው ሲሰጥ ያየሁት የለም፤ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። እናንተም ፈረሶቹን ጀርባቸው እየገጠበ የሚያሠሩትን የባለጋሪ ማኅበር አለቆች ትታችሁ የአንዲት መበለት በር ማንኳኳታችሁ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ነው። እኔ ከፋብሪካ የተሰናበትሁት ወገቤ እንደ ድሮው አልታጠፍ ሲለኝ ነው። ምስጋና ይግባቸውና አለቆቼ ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ እንጂ ቁጥቋጦ ውስጥ አላራገፉኝም። ለዳማ የምፈልገው ይህንኑ ነው። ልመና አይደለም፤ የሚገባው ስለሆነ ነው።

ማክሰኞ ስትመጡ የግቢዬ በር ከውስጥ ተቀርቅሮ ታገኙታላችሁ። እኔ ከበሩ ኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ተከራዮቼም አጠገቤ ቆመው እንጠብቃችኋለን። ፈረሱን ለመውሰድ በሩን መስበር፣ ከዚያም እኔን ማንሣት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ጠንካራ ሠራተኞች እንዲመድቡ በትሕትና አሳስባለሁ።

የከተማችንን ውበት ከአንካሶች ለመጠበቅ ሌት ተቀን የሚደክሙትን ክቡርነትዎን፣ ጀርባዎ እንዳይገጥብ፣ እግርዎም ቦይ እንዳያገኘው እየጸለይሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣ ትእዛዝዎን ግን የማልፈጽም፣

እናትዓለም
ከፔዳ ጀርባ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በመጪው ዓመት ክቡርነትዎ በዕድሜ ምክንያት ጡረታ እንደሚወጡ ከሠራተኞችዎ ሰምቻለሁ፤ እንኳን ለዚህ አበቃዎ። ወንበሩን ያስረከቡ ዕለት ሰላም የሚልዎ ቢጠፋና የሚጠጉበት ቢቸግርዎ አይጨነቁ። ግቢዬ ሰፊ ነው፤ ከዳማ አጠገብ ቦታ አይጠፋም።