ከጀርባዬ ላይ የጎደለው ምት

ለውድ ወንድሜ ለኤሊኬም፤ የአንሎጋ የባሕር ነፋስ የእናታችንን ምርቃት ይዞ ኩማሲ ድረስ ይምጣልህ። እኛ ደህና ነን። ሽንኩርታችን ዘንድሮ አምሮበታል፤ ውሃ የማጠጣው ግን አሁን እኔ ነኝ።

አባባ ትልቁን ከበሮ እያስተማረኝ ነው። "ለሴት ልጅ?" የሚሉ አሉ፤ ይበሉ! አንተን እንዳስተማረህ፣ ከፊቱ አስቀምጦ ምቱን በመዳፉ ጀርባዬ ላይ ይመታልኛል፤ እኔም ያንኑ ከበሮው ላይ እደግመዋለሁ።

እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት መታሁ። ደወል የሚመታው አጎታችን አግቤኮ መሃል ላይ አቆመና፣ "አንቺ፣ ግራ እጅሽን ቤት ረስተሽው ነው እንዴ የመጣሽው?" ሲለኝ ሰዉ ሁሉ አውካካ። እኔ ግን ጀርባዬ ላይ ያረፈውን ምት አንድም ሳላስቀር ነው የመታሁት።

አባባ አልሳቀም። በቀኝ እጁ ግራውን አንስቶ ኩታው ውስጥ ከተተው።

ከበሮውን አልለቅም። ለበዓሉ እኔው እመታለሁ፤ አግቤኮም ወደደም ጠላ ደወሉን ይዞ ይከተለኛል። የጎደለኝን ምት ግን አሁን የሚያውቀው ያንተ ጀርባ ብቻ ነው።

ናፍቆታችን ከሰላምታችን ይበልጣል። ቶሎ ናና በሁለቱም እጅህ ጀርባዬ ላይ ምታልኝ።

እህትህ ሴፋኮር