አፈሙዙን ማን አወረደው?

አሸነፍኩ፣ አምሃ! ከሴቶቹ አንደኛ! ከወንዱም ከሴቱም ተደባልቄ ደግሞ ከስልሳ አንድ ሰው ዘጠነኛ! በመጋቢት ብሎምፎንቴይን ላይ ለጋውቴንግ ቡድን የምትተኩሰው ሚስትህ ናት። ስሜ ተለጥፏል፣ ሮሃ ፎቶ አንስታዋለች፤ “ሸዋአየሁ” የሚለውን አበላሽተው ነው የጻፉት፣ ግን እኔው ነኝ!

ትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ
እሑድ፣ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከጽዮን ማርያም መልስ

ይድረስ ለምወድህ ባለቤቴ ለአምሃ፤

እንግዲህ አሁን ሰላምታዬን ልስጥህ። እንዴት ሰንብተሃል? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ያደርግሃል? ያንን ወፍራም ሹራብህን እዚህ ረስተኸው ነው የሄድከው፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እትዬ የአለምወርቅ ጉልበቷን ተሻላት? “ወንድሜን ያስመረርሽ” ብላ እንዳልተቀየመችኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ብትቀየመኝም እውነት አላት። እኛ ደህና ነን። ልጅህ ሮሃ ፈተናዋን ጨርሳለች። ካትሌሆንግ ያለው ሱቅ ይሠራል፣ ደንበኞቹ አሁንም “ማ ሸዋ፣ አባባ የት ሄደ?” ይሉኛል፤ እኔም “ይመጣል፣ ሻርፕ፣ ደህና ነው” እላቸዋለሁ።

ስልክ ላይ “ሽጉጥ” የሚለውን ቃል ገና ስጀምረው “ኔትዎርክ የለም” ብለህ ትዘጋለህ። ወረቀት ኔትዎርክ አያሻውም። ከሱቃችን ፊት ለፊት ብርድ ልብስ የምትሸጠው ሐቢባ ማክሰኞ ወደ አዲስ አበባ ትበራለች፤ በሷ እጅ ነው የምልከው። እባክህ ሳትጨርሰው እንዳታስቀምጠው።

የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ወደ ቤትህ ትመለሳለህ ወይ? ይሄ ሁሉ ወሬ እሱን ለመጠየቅ ነው። “ሽጉጥ በበሩ ከገባ እኔ በበሩ እወጣለሁ” ብለኸኝ ነበር፤ ገባ፣ ወጣህ፤ ይኸው ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። ሻንጣህን ይዘህ ስትወጣ ሮሃ እየሰማች “ሂድ! ፈሪ ለናቱ!” አልኩህ። እኔም አልረሳሁትም፣ አንተም አልረሳኸውም። ወደዚያ እመጣለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ካላወራሁ አይሆንልኝም፣ ታውቀኛለህ። ዛሬማ መቀመጥም አቃተኝ። ይቺን ገጽ ስጽፍ ሦስት ጊዜ ተነሥቼ ምድጃውን አይቻለሁ፤ ምድጃው ላይ ምንም የለም።

መተኮስ መማር የጀመርኩት በንዴት ነው፣ አልዋሽህም። ሱቃችን ከተዘረፈ በኋላ እጄ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። ግን የተኩስ ሜዳው ላይ ለዒላማ የቆመችውን የመጀመሪያዋን የብረት ሳህን መትቼ “ጣንን!” ብላ ስትወድቅ ንዴቴን ረሳሁት። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፣ አምሃ፤ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወዲህ በምንም ነገር ተወዳድሬ አላውቅም።

ጋሽ ኮቡስን ልንገርህ። ከክለባችን ሜዳ አጠገብ መሣሪያ የሚጠግን፣ ሰባ ያለፈው ነጭ ነው፣ ቦር። ሰው ሁሉ በቋንቋቸው “አጎቴ” ለማለት ኦም ኮቡስ ይለዋል፤ እኔ ጋሽ ኮቡስ ነው የምለው፣ ትርጉሙን ከነገርኩት ወዲህ በሌላ ስም ስጠራው ይቆጣል። ፈቃዴ እንደወጣ ሦስት ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ ደረደረልኝ። አንዷ አካሏ ፕላስቲክ፣ ቀለል ያለች።

“ይቺን! ለሴት እጅ ቀላል ነው የሚሻለው” አልኩት።

“ሁሉም ባል እንደዚህ ብሎ ለሚስቱ ይገዛል፣ ከወር በኋላ መልሶ ሊሸጥልኝ ይመጣል” አለና አስተኮሰኝ። እንደ በቅሎ ረገጠችኝ! ሁለተኛዋ እጀታዋ ወፍራም ነው፤ ጣቴ ምላጯ ጋ አይደርስም። ሦስተኛው የቼኮች ሥራ ነው፤ መላው ብረት፣ ከአንድ ኪሎ ስኳር ይከብዳል። ክብደቱ ርግጫውን ይውጥለታል። አንድ አመል ብቻ አለው፤ ለመጀመሪያዋ ጥይት ምላጩ ረጅምና ጠንካራ ነው፣ ከዚያ በኋላ ይቀላል። ጋሽ ኮቡስ “ሰው የሚሸነፈው በመጀመሪያዋ ነው” አለኝ። አልሰማሁትም። መልኩን እያየሁ ነበር፤ እንዴት እንደሚያምር! ይቅርታ፣ ላንተ ይሄ ደስ እንደማይል አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ውድድሬ ግንቦት ላይ ነበር። አምስት ሳህን በአምስት ጥይት ጣልኩ። አባቴ መንዝ ላይ በሠርጋችን ዒላማውን ሲመታ ምን እንዳደረገ ታስታውሳለህ? ደም ነው መሰለኝ፣ እኔም ሽጉጤን ወደ ሰማይ ቀስሬ “ዘራፍ!” ብዬ ወደ ሕዝቡ ዞርኩ። ሕዝቡ አላጨበጨበም። ሕዝቡ መሬት ላይ ተኛ! ዳኛው “ስቶፕ!” ብሎ ጮኸ፣ ሽጉጤን አስፈትሾ አስቀመጠኝ፣ ስሜን ሰረዘ። አፈሙዝ ከዒላማው አቅጣጫ ከዞረ ለዚያ ቀን አለቀ፣ ልመና የለም። እኔ ደግሞ “የመታሁትስ?” እያልኩ እከራከረዋለሁ። ሮሃ መኪና ውስጥ “ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ፎከርሽባቸው?” እያለች እስከ ትሮይቪል ሳቀችብኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥርዓቱን ያዝኩ። ግን ጥይቴ ሁሉ ወደ ታች፣ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ይልቁንም የመጀመሪያዋ። ጥፋቱን በብረቱ አሳበብኩ። እኛ በምንወዳደርበት ክፍል ብዙ መነካካት አይፈቀድም፤ የተፈቀደውን ግን እኔ አንድ አላስቀረሁም። መጀመሪያ “ዓይኔ ነው” አልኩና የፊት ማነጣጠሪያውን ብርሃን ስቦ አረንጓዴ በሚያበራ አስቀየርኩ። አየሁት፣ በደንብ አየሁት፤ ጥይቷ ወደ ታች፣ ወደ ግራ። “እጀታው ነው” አልኩ፤ የሁለቱን ጎን ሽፋን በቀጭን አስለወጥኩ፣ ላብ እንዳያንሸራትተኝ እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ነገር አስለጠፍኩበት። ወደ ታች፣ ወደ ግራ። በመጨረሻ “ምላጩ ነው የከበደኝ፣ የመዶሻውን ሞላ በደካማ ቀይርልኝ” አልኩት።

“ምላጩ ይቀልልሻል፣ ግን ጥይቱን የሚመታው መዶሻ አቅም ያጣል” አለኝ።

“አንተ ቀይርልኝ፣ ጋሽ ኮቡስ!”

“ኤሽ” ብሎ ራሱን ነቀነቀና ቀየረልኝ። ምላጩ ቅቤ ሆነ። ነሐሴ ላይ ውድድር ገባሁ፤ የማስጀመሪያው ሰዓት ጢጥ ሲል ሳብኩት። “ቀጭ!” ከሸፈ። ሦስት ጥይት ከሸፈብኝ፣ የተቀረው ደግሞ እንደ ልማዱ ወደ ታች፣ ወደ ግራ። ከሃምሳ ሰባት ሰው ሃምሳ አምስተኛ ወጣሁ፤ ከኔ በታች ካሉት ከሁለቱ አንደኛው ታሞ የሄደ ነው።

ሰኞ ሱቁን ለሮሃ ትቼ ጋሽ ኮቡስ ጋ ሄድኩና “ሌላ ሽጉጥ አሳየኝ፣ ይሄ እርጉም ነው” አልኩት። የድሮውን ሞላ መለሰበት፣ ሜዳው ላይ ይዞኝ ወጣ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ ጥይት አጎረሰውና አቀበለኝ። ተኮስኩ። ተኮስኩ። ሦስተኛዋን ስስብ “ቀጭ” አለች፤ ለካ በመሐል ባሩድ የሌላት ባዶ ጥይት ደብቆብኛል። ድምፅ የለ፣ ርግጫ የለ፤ አፈሙዙ ግን እንደሚጠጣ ዶሮ ወደ መሬት ደፋ አለ። በዓይኔ አየሁት።

“ሽጉጡ ምንም አላደረገም” አለኝ። “አፈሙዙን ማን አወረደው?”

እጄን አየሁት።

“ከድምፁ በፊት ትሸሺያለሽ፣ ሸዋ። እኔም ወጣት ሆኜ ስድስት ወር ሙሉ ሸሽቻለሁ። ለዚህ የሚገዛ ዕቃ የለም። እጅሽ ፈርቷል፣ ፈርቻለሁ በይና እንጀምር።”

እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፣ አምሃ። አንተን በቅጡ ያየሁህ ያን ቀን ነው። ሱቁ ሲዘረፍ ሦስቱ ልጆች ሽጉጥ ደቅነውብህ “ኋላ ማን አለ?” ሲሉህ እኔ ከዱቄቱ ጆንያ ጀርባ የሮሃን አፍ በእጄ አፍኜ፣ የራሴን እጅ ነክሼ ነበር። አንተ “ከኔ በቀር ማንም የለም” አልካቸው። ድምፅህ አልተንቀጠቀጠም። አንዱ ማቀዝቀዣው ላይ ሲተኩስ እንኳ “ማንም የለም፣ ልጄ፣ የምትፈልገውን ውሰድ” ነው ያልከው። ከዚያ በኋላ በር ሲጋጭ ብትደነግጥ፣ ሽጉጥ በቤቴ አይግባ ብትል፣ ምን ይገርማል? አንተ ቆመህ የተቀበልከውን እኔ ጆንያ ሥር ሆኜ ነው የሰማሁት፤ ወጥቼ ደግሞ ፈሪ ያልኩህ እኔ ነኝ። ዓመት ሙሉ ብረት ሳስቀይር ከረምኩ እንጂ ጉዳዩ ብረት አልነበረም። ይቅር በለኝ። በአፌ ልለው ስንት ጊዜ ስልክ አንሥቻለሁ፣ ከዚያ ስለ ዘይት ዋጋ አወራሃለሁ።

አሁንም ተነሥቼ ምድጃውን አየሁ።

ከነሐሴ እስከ ትናንት በየሳምንቱ ከባዶ ጥይት ጋር ተለማመድኩ። ጋሽ ኮቡስ ይደብቃል፣ እኔ እስባለሁ፣ አፈሙዙ ይደፋል፤ “እንደገና” ይላል። ጥቅምት ማለቂያ ላይ አንድ ቀን “ቀጭ” ስትል አፈሙዙ ባለበት ቆመ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀልኝ።

ትናንት ውድድሩ ሲጀመር ዳኞቹ ምላጩ ላይ ክብደት አንጠልጥለው መዘኑት፤ እንደ ሱቅ ሚዛን ነው፣ ከተወሰነው በታች ከቀለለ አይፈቅዱም። የኔው የፋብሪካውን ሞላ ይዞ አለፈ። ስድስት ዙር ነበር። እስከ አምስተኛው አልተቀመጥኩም፣ ውኃ አልጠጣሁም፣ ሮሃ “ማሚ፣ ፕሊስ፣ አንድ ቦታ ቁሚ” ትለኛለች። ስድስተኛው ላይ መነሻዬ ጣውላ ግድግዳ ጀርባ ነው፤ ስፍራው ጠባብ፣ ጨለም ያለ። አውቀው የሠሩብኝ መሰለኝ። “ፈርቻለሁ” አልኩ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። ዳኛው “አር ዩ ሬዲ?” አለኝ። “ሬዲ” አልኩት። ጢጥ! ወጣሁ፣ ያቺን ረጅሟን ምላጭ ሳብኳት፣ የመጀመሪያዋ ሳህን “ጣንን!” አለች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሮሃ ናት የነገረችኝ። እኔ የማስታውሰው ሽጉጤ ባዶ መሆኑን አሳይቼ፣ ወገቤ ላይ ባለው ማህደር መልሼ፣ ዳኛው “ጨርሰሻል” ካለኝ በኋላ ብቻ እልል ማለቴን ነው። ያን ጊዜ ሕዝቡ አልተኛም። ጋሽ ኮቡስማ አብሮኝ እልል ሊል ሞክሮ ሳል ያዘው።

እንግዲህ እውነቱን ልንገርህ፣ በኋላ “አታለልሽኝ” እንዳትለኝ። መተኮሱን አልተውም። በዚህ ዕድሜዬ ያገኘሁት ደስታ ነው፣ አልተውም። ሽጉጡ ግን ከቤታችን ወጥቷል። ጋሽ ኮቡስ ደንበኞቹን የሚጠብቅበት ሕጋዊ ካዝና አለው፣ ወረቀቱን ባለፈው ወር ተፈራርመን እሱ ጋ አስቀመጥኩት፤ ለልምምድ እዚያ እወስዳለሁ፣ እዚያው እመልሳለሁ። ግድግዳችን ላይ የነበረውን የብረት ሣጥን አስነቅያለሁ፤ አራት ቀዳዳ ትቷል፣ እስካሁን አልደፈንኩትም። ግድግዳ መለሰንን አንተ ነህ የምታውቀው።

ሜዳ ድረስ ና አልልህም። ድምፁ የሚያስጠላህ ከሆነ ቤት ጠብቀኝ፤ ገብቼ አወራልሃለሁ፣ ስንት ሰዓት እንደማወራ ታውቃለህ።

አሁን ጾም ስለሆነ የድሌን ድግስ ከገና ወዲያ አድርጌዋለሁ። ወዳጃችን ራጉኤል በጉን ከወዲሁ ተዋውሏል፤ የሐቢባ ወገኖች ለራሳቸው በራሳቸው እጅ የሚያርዱት ሌላ አለ፤ ጋሽ ኮቡስ የሥጋ መጥበሻ ፍርግርጉን በመኪና ጭኖ እመጣለሁ ብሏል፣ ክትፎ ግን ጥሬ ነው ብለው አስፈራርተውታል። የካትሌሆንግ ጎረቤቶችም ሰምተው “ማ ሸዋ፣ ምን እንልበስ?” ይሉኛል። እትዬ የአለምወርቅ ከቻለች ትምጣ፤ ካልቻለች ምርቃቷን ላንተ አሸክማ ትላክልኝ።

ጽዮን ማርያም መንገድህን ታቅናልህ። በር በተጋጨ ቁጥር ልብህን ትያዝልህ። ከኔ ምላስም ትጠብቅህ፣ አሜን። ቲኬቱን ሮሃ ታየዋለች፤ አንተ “እሺ” ብቻ በላት።

ለሰው ሁሉ የነገርኩት ቅዳሜ ጥር 2 ነው፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት። አንተ ግን ባለቤት ነህ እንጂ እንግዳ አይደለህም፤ ዓርብ ጥር 1 ድረስልኝ።

ያንተው ሸዋአየሁ