ቤቱ ፊቱን ከፀሐይ ያዙር

ይህ ወረቀት ርቆ ላለው የበኩር ልጄ በደህና ይድረስልኝ።

እንዴት ነህ፣ የኔ ጌታ? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ከሥራ ስትመለስ አሁንም እግሯን ያማታል? ትንሿስ፣ ጥርሷን አብቅላ ጨረሰች? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። መነጽሩን ከላክህልኝ ወዲህ ፊደሉ ሁሉ ወፍሮ ይታየኛል። ናፍቆትን የሚያሳንስ መነጽር ግን ገና አልተሠራም።

ስትደውልልኝ «ሁሉ ሰላም ነው» ከማለት ሌላ ቃል አይወጣኝም። ድምፅህን ስሰማ ልቤ ይሞላና የያዝኩት ነገር ይጠፋብኛል። የጎረቤታችን ልጅ አንተ ወዳለህበት ልትመለስ መሆኑን ስሰማ ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው። ሳትቆጣ አንብበው። ብትቆጣም እስከ መጨረሻው አንብበው።

የቤቱን ሥራ አስቁሜዋለሁ።

ታናሽህ እስካሁን ካልነገረህ አኩርፎ ነው። ባለፈው ሳምንት ግንበኛው ቆፋሪዎቹን ይዞ መጣ። አንገቱ ወደ ጎን ስላዘነበለ ሰፈሩ «ውሃ ልክ» እያለ የሚቀልድበትን ሰውዬ አትረሳውም። ችካሉን ተከለ፣ ሲባጎውን ወጠረ፤ አንተ በላክኸው ንድፍ መሠረት የቤቱ ግንባር ወደ መንገዱ ሆነ፣ ይኸውም ፀሐይ ወደምትጠልቅበት። ቁፋሮው ተጀመረ። እኔም ቁጭ ብዬ አይ ነበር። ታናሽህ ግን ዛፋችንን አሳየውና «ይሄ ግንባሩን ይሸፍናል፣ ይቆረጥ። ቤቱ ከመንገድ ይታይ» አለው። ያን ጊዜ መቀመጥ አቃተኝ። ድሮ ይህንኑ ዛፍ «ቆርቆሮው ከመንገድ ይታይ» ብላ ያስቆረጠችው ሴት እኔ እንደነበርኩ አንተ ታውቃለህ። ገመዱን ይዘህ የጎተትከው አንተ ነበርክ፣ ልጅ ስለነበርክ ደስ ብሎህ ነበር። ከጉቶው አቆጥቁጦ ዳግም ዛፍ እስኪሆን ይህን ሁሉ ዓመት የፈጀውን፣ አሁንም ያው ሰበብ ሊጥለው ነው።

ንድፍህ አያምርም አላልኩም። ትልቁን ክፍል ፊቱን በሙሉ መስታወት አድርገህ፣ በገዛ እጅህ «የእማ ማንበቢያ» ብለህ የጻፍክበትን ሳይ አልቅሻለሁ። በመብራት ማንበብ ያደክመኛል ማለቴን ከዚያ ሁሉ ርቀት ይዘህልኝ ኖረሃል። ግን ልጄ፣ አንተ ባለህበት ፀሐይ የክብር እንግዳ ናት፤ መጣች ሲባል መስኮት ይከፈትላታል። እዚህ ሳይጠሯት የምትመጣ፣ ቢሸኟትም የማትሄድ ዘመድ ናት። ረስተኸዋል አልልህም። ብርድ ያለበት ሰው ሙቀትን በክፉ አያስበውም።

ለውሃ ልክ «ቤቱን ጎኑን እናዙረው» ስለው፣ «እማማ፣ ፀሐይዋን በሲባጎ አስረን ብንጎትታት አይቀልም?» ብሎ ሳቀብኝ። ከመጽሐፍ ያገኘሁትን መሬት ላይ በእንጨት ጫርኩለት። ረጅሙ ግድግዳ ሰሜንና ደቡብ ይይ፤ በምዕራብ በኩል አጭሩ ብቻ ይቁም፣ ያውም መስኮት የሌለው። ክዳኑ እንደ ባርኔጣ ከግድግዳው አልፎ ይውጣ። መስኮቶቹ ፊት ለፊት ከተያዩ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ከኮርኒሱ በላይ ደግሞ የሞቀው አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ ይተው። በብሎኬት ፈንታ ከዚያው ከምንቆፍረው አፈር ጡብ ብንሠራ ግድግዳው ወፍሮ ቀኑን ቀዝቅዞ ይውላል አልኩት። አንገቱን ይበልጥ አዘንብሎ ሰማኝና «ጡቡ ቀናት ይፈልጋል» አለ። እውነቱን ነው፣ ይፈልጋል።

እኔም ብሳሳትስ ብዬ ሁለት ሻማ አወጣሁ። መስታወቱ ይቆምበታል በተባለው ቦታ አሮጌ የመስኮት መስታወት አስደገፍኩና አንዱን ከኋላው አቆምኩ፤ ሁለተኛውን ከዛፉ ጥላ ሥር። ሁለቱንም አልለኮስኳቸውም። ከሰዓት በኋላ ሄደን ስናይ የጥላው እንደቆመ ነው። የመስታወቱ አንገቱን ደፍቷል። ውሃ ልክ ጎንበስ ብሎ አየውና «ይሄስ ቁርጥ እኔን!» አለ። ቆፋሪዎቹ ሲስቁ እኔም ሳቅሁ። ታናሽህ ግን አልሳቀም።

ለምን አይስቅም መሰለህ? ሚስቱ ወሯ እየገባ ነው። «ታዲያ ልጄ ቆርቆሮ ሥር ይወለድ ነው የምትይው?» አለኝ። ሥራው በዘገየ ቁጥር ሕፃኑ የሚወለደው አባትህ ታሞ በተኛበት ክፍል ነው፤ እርጥብ አንሶላ እያንጠለጠልን ባሳለፍንበት። እንደ ንድፉ ቶሎ ከተሠራ ደግሞ የሚያድገው መስታወት ውስጥ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ። ሐኪሙ ያኔ «ሙቀት አይደለም የገደለው» ብሎኛል። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። ሐኪሙ ተሳስቷል የሚል አላገኘሁም፤ ማንበቤን ግን አላቆምኩም።

እንግዲህ የምለምንህ ይህንን ነው። ለእኔ አትደውል፤ ለታናሽህ ደውልና ቤቱ ይዙር በለው። ከአንተ አፍ ሲሰማው እናቱ ያሸነፈችው አይመስለውም። የእኔን ክፍል በሰሜን በኩል፣ ከአንዲት ትንሽ መስኮት ጋር አድርጉልኝ። ለማንበብ ፀሐይ አያሻም፣ ብርሃን ይበቃል። የለም፣ እንደ ንድፉ ይሁን ካልክም አልሟገትህም፤ እገባበታለሁ፣ እመርቅበታለሁም። ዛፉ ሲወድቅ ግን ገመዱን የሚይዝ ሌላ ሰው ይፈለግ።

ባለቤትህን ጉንጮቿን ሳምልኝ። ትንሿን አንገቷ ሥር ሳምልኝ፣ እዚያ ጋ እንደምትስቅ ነግረኸኛል። የታናሽህ ሚስት ሰላም ብላሃለች፤ ሆዷን ይዛ ነው ያለችው፣ ስለዚህ ሰላምታው የሁለት ነው። ውሃ ልክም «ጌታው ቶሎ ይወስን፣ ሲባጎዬን ፍየል እየበላው ነው» ብሏል። ታናሽህ ሰላም በይልኝ አላለኝም። ይህን ስጽፍ ግን ፀሐይዋ እንደደረሰችብኝ አየና ወንበሬን ወደ ጥላው ሳብ አደረገልኝ። እሱን ሰላምታ ብለህ ቁጠርለት።

ከወረቀቱ ጋር በጨርቅ የጠቀለልኩልህ ያ አንገቱን የደፋው ሻማ ነው። እዚያ ብርድ ስለሆነ እንዳለ ይቆይልሃል። ጠረጴዛህ ላይ አቁመው። አታቃናው።

እናትህ

ከአሮጌው ቤት ደጅ፣ ከዛፉ ሥር
ሚያዝያ 9 ቀን