ከአጥር ማዶ የተነበበው ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 16

ዛሬም ሴት ሕፃናቱ ጎደሉ። ወንድ ልጅ የታቀፉ እናቶች ከጤና ጣቢያው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ተሰልፈው ነበር። ሴት የወለደች አንዲትም አልመጣችም። ከአዲስ አበባ የመጡት ሐኪም፣ «የክትባት ጥናታችን የወንዶች ብቻ ሆኖ ሊቀር ነው» አሉ። ምክንያቱን ያውቁታል፣ ነግረናቸዋል። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ከዚያ እናቱ ይዛው ትወጣለች። ሴት ግን እስከ ሰማንያ ቀኗ ከነእናቷ እቤት ናት። የጥናቱ ደንብ ደግሞ የመጀመሪያው መርፌ ሁለት ወር ሳይሞላ ይሰጥ ይላል።

ቤታቸው ሄደን እንዳንወጋ፣ መርፌ የሚወጋው ነርስ ጌታሁን ዲያቆን ነው። ክህነት ያለው ሰው አራስ ቤት አይገባም፤ ከገባ ማግስቱን መቅደስ አይቆምም። ሴቷ ነርስ ራሷ ወልዳ ላሊበላ እናቷ ቤት አራስ ናት።

የልጄ የየሻረግ ልጅም ሴት ናት። ስም ስለሌላት ሚጣ እንላታለን። ክትባቱ ከላሊበላ በበረዶ ሳጥን የሚመጣው ዓርብ ዓርብ ነው። ይህ ዓርብ ካለፈ ሚጣ ዕድሜዋ ያልፋል፣ ጥናቱ ውስጥ አትገባም። አዲሱ የሳንባ ምች ክትባት ደግሞ ከጥናቱ ውጭ የትም የለም። ታላቅ ወንድሟን አምና በዚህ ብርድ በሳንባ ምች ቀብረነዋል።

ለጥናቱ ቤት ለቤት እየዞርኩ እናቶችን የምጠራው እኔ ነኝ፤ እግሬ አብጧል። ለነገ ብልባላ ገበያ ማዶ ያሉ ቤቶች ይቀሩኛል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

ቤት ለቤት ዞሬ ማታ የሻረግ ዘንድ ገባሁ። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዷል። የሚያርሷት አማቷ እትዬ ብርቄ ናቸው። ገና ሳልቀመጥ፣ «ስለ መርፌ ከሆነ ውሃ ጠጥተሽ ሂጂ» አሉኝ።

እኔም ስለ መርፌ መናገር አልችልም። ደንቡ የገዛ ዘመድሽን አንቺ አታስረጂ ይላል፣ ልቧን ታዞሪዋለሽ ተብሎ ነው። ስለዚህ ሚጣን ታቀፍኩ።

እትዬ ብርቄ ግን አላቆሙም። «ያንን የቀበርነውን ልጅ ወስዳችሁ አስወጋችሁት። ምን ጠቀመው?» ያ መርፌ ለሌላ በሽታ ነበር። ይህን ብዙ ጊዜ ነግሬያቸዋለሁ። ሐዘን ግን ማስረጃ አይሰማም፣ እኔም ሞግቼ ደክሞኛል።

ልሄድ ስል የሻረግ፣ «እማዬ፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር?» አለችኝ። ደንቡን አስቤ ነጠላዬን ለብሼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ከፋኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ጌታሁን የስምምነቱን ወረቀት ሊያነብላት መጣ። አራስ ቤት ስለማይገባ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ እየጮኸ አነበበ። የሻረግ ከበሩ ኋላ ናት። እትዬ ብርቄ ግቢው ውስጥ ምስር ይለቅማሉ። እኔ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ።

«ገሚሱ ልጅ አዲሱን የሳንባ ምች ክትባት ያገኛል። ገሚሱ ለሌላ በሽታ የሚሆን ደህና ክትባት ያገኛል። የሚለየው በዕጣ ነው። የትኛው እንደደረሳት እናትም አታውቅም፣ የሚወጋውም አያውቅም።»

«አንተም አታውቀውም?» አለች የሻረግ ከውስጥ።

«እኔም አላውቀውም።»

«የማያውቀውን ሊወጋ ከዚያ ድረስ መጣ» አሉ እትዬ ብርቄ ለምስሩ።

ጌታሁን ሳቀ፣ ቀጠለ። ወዲያው ከጎረቤት አውድማ በሬ የሚነዱት ሰዎች ሆታቸውን አቀለጡት። እሱም ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበ። «ገባሽ?» አላት። «ገባኝ፣ አስቤ ዓርብ እነግርሃለሁ» አለች።

ሐሙስ፣ ኅዳር 19

ብርዱ ባሰ፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ነበር። በየቤቱ የሚያስል ልጅ አለ።

ጌታሁን ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የደብሩን ቄስ አባን ሲያማክር አብሬ ነበርኩ። ቅዳሜ ኅዳር ጽዮን ናት፣ ዓመታዊ በዓል።

«አባቴ፣ ነገ አራስ ቤት ብገባስ?»

«ከነገ ወዲያ ማን ሊቀድስ? አንዱ ዲያቆን ታሟል፣ አንተ ከጎደልክ ቅዳሴው አይጀመርም።» ትንሽ አሰቡ። «ልጅቷን እደጁ ድረስ ያምጡልህ፣ አንተ ውጭ ሆነህ ውጋ። ምን ይቸግራል?»

ቀላል መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 20

ቀላል አልነበረም። ጌታሁን ሳጥኑን አንግቶ ማልዶ መጣ። የሻረግ «ትወጋ» አለች፣ ቁርጥ አድርጋ። እኔ ሚጣን ጠቅልዬ ላወጣ ስነሳ እትዬ ብርቄ በሩ ላይ ቆሙ።

«እናቷ ትወጋ ካለች ትወጋ። ግን አትወጣም። ያልተጠመቀች ልጅ፣ በዚህ ውርጭ። ያንኛውን ብርድ ነው የበላብኝ። እንኳን ለመርፌ፣ ለንጉሥም አላወጣትም።»

«እኔ ደግሞ መግባት አልችልም፣ እማማ» አለ ጌታሁን።

«እንግዲያስ ሂድ።»

ቆምን። ጌታሁን ሳጥኑን መሬት አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በኩል አየ። ከዚያ ሳጥኑን አስቀደመና ጎንበስ ብሎ ገባ። እትዬ ብርቄ ከመደቡ ላይ ጥጃዋን አባረሩለት፣ የሚቀመጥበትን ቦታ በነጠላቸው ጠረጉለት።

የሻረግ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ሚጣ አለቀሰች። አለቀ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 21

ቅዳሴው ዘገየ። ከማዶ ደብር ዲያቆን ተልኮበት እስኪመጣ ሕዝቡ በብርድ ቆመ። ጌታሁን ነጠላውን አጣፍቶ ውጭ ከቅጥሩ ሥር ከእኛ ጋር ነበር። አንዷ፣ «ዲያቆን፣ ከሴቶቹ ተቀላቀልክ?» አለችው። «ቦታ ካላችሁ» አላት። አባ ሲያልፉ አላዩትም፣ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ከዚያ በቀጥታ የሻረግ ዘንድ ሄድኩ። ሚጣ እንደ ምድጃ ትፋጃለች። የሻረግ ታለቅሳለች። እትዬ ብርቄ ግን አያለቅሱም፣ እሱ ባሰብኝ። «ያኛውም እንዲህ ነው የጀመረው» አሉ።

«መርፌው ያተኩሳል፣ አንድ ሁለት ቀን ነው። ወረቀቱ ላይ አለ፣ ረቡዕ ተነቧል» አልኳቸው።

«ለማን ነው የተነበበው? ለበሬ ነጂዎቹ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጌታሁን ስለ ትኩሳቱ የሚለውን ያነበበው ሆታው ሲቀልጥ ነው። እኔ ወረቀቱን ከዚህ በፊት በየቤቱ ስለሰማሁት እነሱም የሰሙ መስሎኝ ነበር። ጌታሁን አስጠራሁት። ዛሬ ሳይቆም ገባ። ደረቷን አዳመጠ፣ ትንፋሿን ቆጠረ፣ ሽሮፕ ሰጣት። «ትንፋሿ ደህና ነው። ከፈጠነ ወይም ጡት እንቢ ካለች ወዲያው ጥሩኝ» አለ። የረቡዕን ወረቀትም እዚያው ተቀምጦ፣ በቀስታ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እንደገና አነበበላቸው። እትዬ ብርቄ ሚጣን ታቅፈው አዳመጡ።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ትኩሳቱ ወረደ። ረፋዱ ላይ ሚጣ ጡት ይዛ አልለቅም አለች፣ የሻረግ በሳቅና በለቅሶ መሀል ሆነች። እኔ ደስታውን ደክሞኝ በደንብ አልቀመስኩትም።

«እማዬ፣ የትኛው ይሆን የደረሳት?» አለች የሻረግ።

«እንጃ፣ ልጄ። እዚህ የሚያውቅ የለም።»

«አዲሱ ካልሆነስ? ብርዱ ገና ነው።»

«ካልሆነ እንጠብቃታለን። ትንፋሿን እንሰማለን፣ ከፈጠነ ቶሎ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን።»

እትዬ ብርቄ ምስራቸውን አስቀመጡ። «ከወንዙ ማዶ ያለችው አራስ ልጇ ሴት ናት አሉ።»

«አዎ። ነገ እሄዳለሁ።»

«አብሬሽ እሄዳለሁ። ትኩሳቱን አስቀድሜ እኔ እነግራታለሁ፣ ሌላውን አንቺ።»

አስወጊያት ሊሏት ይሁን ተዪው፣ ፊታቸው አይናገርም። አልጠየቅኋቸውም። «በጠዋት ነው የምነሳው» ብቻ አልኳቸው። «አውቃለሁ» አሉ፣ ሚጣንም ከእቅፌ ወስደው አስተኟት።